ከዘሩ ጋር የተቀመጡ ሸክላዎች

የዚያን ዕለት በወንድሜ ቤት የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ወንድሜ ከምሰሶው አጠገብ በቆመው መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ እጁን ወደ ቆጡ ሰድዷል። ሚስቱ ከታች ሆና መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛለች። የድሮ የዘፈን ሸክላ ሊገዛ ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት በሩ ላይ ቆሟል፤ ጫማውን ያውልቅ አያውልቅ አልገባውም መሰለኝ፣ አንድ እግሩ ከደጅ ነው። እኔ መደቡ አጠገብ ቆሜያለሁ። ቁጭ በይ ብለውኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ቆጡ ከምድጃው በላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ በእንጨት የተረበረበ ነው። የብዙ ዘመን ጭስ አጥቁሮታል። ሳጥኔ ዓመቱን ሙሉ የት እንደከረመ ያወቅሁት ቀና ብዬ ሳይ ነው። ከሥሩ እሳት ይነድ ነበር።

ያ ሳጥን ለእኔ ቤቴ ማለት ነበር። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ባለቤቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ፣ ሁለታችን በደመወዛችን በሠራነው ቤት ውስጥ ነበር። ጭቃ ቤት ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ በጓሮው እኔ የተከልኩት ጌሾ አለ። እሱ ሲሞት ከቤቱ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው የልጆቹ ሆነ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አልተከራከርኩም። እኔ አልወለድኩም። ልጆቹን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ እንዲታወቅ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተነጋገሩ። እስከ ሙት ዓመቱ በቤቱ እንድቆይ፣ ከዚያ ወይ የልጆቹን ድርሻ ከፍዬ ቤቱን እንዳስቀር፣ ካልሆነ ተሽጦ እንድንካፈል ወሰኑ። የሚደርሰኝ ግማሽ በከተማው አንዲት ክፍል አይገዛም። ኪራይም በጡረታዬ አይደፈርም፤ በየስድስት ወሩ ጨምሪ ይላሉ፣ ካልጨመርሽ ውጪ ይላሉ። በዚህ ዕድሜ ዕቃ ተሸክሜ ከሰው ግቢ ወደ ሰው ግቢ መዞር አልችልም። ይህን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም፤ ያውቁታል።

ትልቋ ልጅ፣ ድሮ ፀጉሯን የምሠራላት፣ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ አለችኝ፦

"እትዬ፣ ለሸክላ ያወጡትን ገንዘብ አስቀምጠውት ቢሆን እኮ ዛሬ ቤቱንም እኛንም ይገዙን ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ።

ሸክላ መሰብሰብ የጀመርኩት ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እንደተቀጠርኩ ነው። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች ትንንሾቹን ሸክላዎች ከሸሚዝና ከሽቶ ጋር ይዘው ይመጡ ነበር። ማጫወቻ አልነበረኝም። መጀመሪያ የገዛሁት ሸክላ ማጫወቻ እስኪገኝለት ድረስ ልብሴ መካከል ተቀምጦ ከረመ። አልፎ አልፎ አውጥቼ ጽሑፉን አነበው ነበር።

ከተጋባን በኋላ ደመወዜን በመሐረብ አራት ጫፍ መቋጠር ለመድኩ። አንዱ ጫፍ የኪራይ ነው፣ አንዱ የቀለብ፣ አንዱ የልጆቹ ደብተርና ጫማ፣ አራተኛው የሸክላ። አራተኛው ጫፍ ወሩ ሳያልቅ ለሌሎቹ የሚፈታበት ጊዜ ይበዛል። ትንሹ ልጅ በሳንባ ምች የታመመ ክረምት ተፈታ። ቤቱን በሠራንባቸው ዓመታት ለቆርቆሮና ለሚስማር እየተፈታ ባዶውን ይውል ነበር። ባዶም ቢሆን ግን መቋጠሩን አልተውኩም። ለምን እንደሆነ ባለቤቴ ጠይቆኝ ያውቃል፤ እኔም አላውቀውም ነበር።

በኋላ ካሴት መጣና ሸክላ የሚፈልግ ጠፋ። ለእኔ ደግሞ ያን ጊዜ ቀና። ሰዎች ከየቤታቸው ያወጡትን በርካሽ፣ አንዳንዴም በነፃ እወስድ ነበር። ለሥራ አማኑኤል ከተማ ወርጄ በገባሁበት አንድ ቤት ሸክላ የእንስራ ክዳን ሆኖ አገኘሁ። ከገበያ አዲስ ክዳን ገዝቼ ለወጥኳቸው። ስወጣ ሴትዮዋ ለጎረቤቷ "ምስኪን፣ የተማረች ትመስላለች እኮ" ስትል ሰማኋት። ውኃ ያገኘውን ያን ሸክላ በሳሙና አጥቤ ሳጫውተው መለከቱ ጥርት ብሎ ወጣ። እስከ መጨረሻው ድረስ ከሁሉ አብልጬ የምሰማው እሱን ነበር።

ባለቤቴ ዘፈን የሚወድ ሰው አልነበረም። እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ "የሰው ሚስት ወርቅ ታጠራቅማለች፤ የእኔዋ የሰው ጩኸት ታጠራቅማለች" እያለ ያስቅብኝ ነበር። ነገር ግን ሸክላ ከተኛ እንደሚጎብጥ፣ ሙቀት እንደማይወድ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና በእጁ የዋንዛ ሳጥን ሠራልኝ። ሸክላዎቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ በውስጡ ቀጫጭን ክፍልፋይ አበጀለት። ሳጥኑ የመኝታ ክፍላችን ቀዝቃዛ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ኖረ።

ባለቤቴ በሞተ በሣልስቱ ለቀስተኛ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ቴሌቪዥኑን ነጠላ አልብሰውታል። ሬዲዮኑን ጎረቤት ወስዶታል። ወንድሜ ከገጠር መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ በተከፈተው የመኝታ ክፍል በር ሳጥኑን አየው።

"እታለም፣ ሐዘን ቤት ዘፈን ሲቀመጥ ጥሩ አይደለም። ሰውም ያወራል። እስከ ሙት ዓመቱ እኔ ዘንድ ይቆይ" አለኝ።

አገሩ እንዲህ ነው። እሺ አልኩ። ሳጥኑን አንሥቶ ሲወጣ ቆሞ እንዲቀመጥ፣ ቀዝቃዛ ቦታ እንዲሆን ልነግረው ብድግ ስል አንዲት ዘመዳችን እየጮኸች ገባች። እሷን ተቀብዬ አብሬያት ሳለቅስ እሱ ሄዷል።

ኋላ በስልክ ጠየቅሁት።

"ሸክላዎቹ ደኅና ናቸው?"

"ከዘሩ ጋር ነው ያስቀመጥኩልሽ። ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው?"

ይህን ሲለኝ እረፍት አገኘሁ። በእኛ ቤት ዘር የሚነካ ሰው የለም። እናታችን እህል ባለቀበት ክረምት ጎረቤት ትበደራለች እንጂ ወደ ዘሩ እጇን አትሰድም ነበር። ወንድሜ ንብረቴን ከዘሩ ጋር ካስቀመጠው ከዚህ የበለጠ ክብር ሊሰጠው አይችልም። ዘር የት እንደሚቀመጥ ግን አላሰብኩም። ከዚያ ቤት ለትምህርት የወጣሁት ልጅ ሆኜ ነው።

ሸክላ ገዢውን ባለቤቴ በሕይወት እያለ ነው የማውቀው። የድሮ ሸክላ ፍለጋ በየከተማው ሲዞር ስለ እኔ ሰምቶ ቤታችን መጥቶ ነበር። አንድ በአንድ አገላብጦ አይቶ፣ ሁሉንም ልውሰድ አለ። አልሸጥም አልኩት። ስልኩን ጽፎ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ከወሰኑ በኋላ ሳልደውል ብዙ ቆየሁ። ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክሬያለሁ። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ለእኔ ዕድሜ አያበድርም አሉኝ። ልጆቹን ጊዜ ስጡኝ ብላቸው እኛም ልጆች አሉን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቤቱን ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ መጥቶ ክፍሎቹን በሜትር ለካ። ጓሮ ዞሮ ጌሾዬን በእግሩ ነካ አድርጎ "ይሄ ይነቀላል" አለ። እሱ ሲወጣ ደወልኩ።

ወጣቱ ሁሉም እንደነበሩ ካሉ ብሎ የነገረኝ ዋጋ የልጆቹን ድርሻ ይሸፍን ነበር። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ያንኑ ነገረኝ። ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው በመኪናው ከደብረ ማርቆስ ይዞኝ ወጣ። ደብረ ኤልያስ ከተማ መኪናውን አቁመን የቀረውን በእግር ሄድን። ትንሽ ማጫወቻ በጀርባው ተሸክሟል። ጨዋ ልጅ ነው፤ መንገዱ እንዳይሰለቸኝ ይመስለኛል፣ ያጫውተኝ ነበር።

"እማማ፣ እነዚህን ከሸጡልኝ በኋላ ምን ሊሰሙ ነው?"

"ቤቱ ከቀረልኝ ዝምታውም ይበቃኛል።"

"እኔ እኮ እየመጣሁ አሰማዎታለሁ። የራስዎን ሸክላ።"

"ታስከፍለኛለህ?"

"ምሳ ካበሉኝ በነፃ ነው።"

ሳቅሁ። ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሜ መጀመሪያ ከቆጡ ያወረደው የዘር ስልቻ ነው። "ቀስ! የገብሱ ዘር ነው፣ እንዳይፈስ!" ትላለች ሚስቱ ከታች። ሁለተኛ ስልቻ ወረደ። ከስልቻዎቹ ሥር ሳጥኑ በጎኑ ተኝቶ ታየኝ። ቆሞ ቆርቆሮው አላስገባው ብሎ ነው ያስተኙት። ወጣቱ ጫማውን እንዳደረገ ገብቶ ተቀበለው። የዋንዛው ቀለም ጠፍቶ ጥላሸት ሆኗል።

"ይኸውልሽ እታለም" አለ ወንድሜ ከመሰላሉ ወርዶ ላቡን እየጠረገ። "አይጥ አልነካው፣ ነቀዝ አልነካው። የልጅ እጅም አልደረሰበት።"

"እኔም ብሆን ስጠብቀው ነው የከረምኩ" አለች ሚስቱ። "ጭሱ እንዳይቀንስበት እያልኩ እርጥብ እንጨት ስጨምር ዓይኔ ሊጠፋ ነበር። ነቀዝ ጭስ አይወድም፣ እትዬ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኳት።

ወጣቱ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን ሳበ። ክፍልፋዩ ውስጥ ተጣብቆ እምቢ አለው። በዝግታ እየነቀነቀ አወጣው። ከወረቀት ልባሱ ሲወጣ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማዷል። ሌላ አወጣ። ሌላም። እያንዳንዱን ወደ በሩ ብርሃን ይዞ፣ በዓይኑ ትክክል አጋድሞ ያየዋል፤ ከዚያ መደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። መደቡ ላይ ሲደረደሩ አንዱም በአንዱ ላይ አይገጥምም። ከነሱ መካከል የእንስራ ክዳን የነበረውን በጽሑፉ አወቅሁት። ውኃውን የቻለው ሸክላ ሳህን መስሏል።

ምናልባት ብሎ ማጫወቻውን አውጥቶ አንዱን አስቀመጠበት። መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች። ዘፋኙ ድምፁ አንዴ ቀጥኖ አንዴ ወፍሮ ተጎተተ፤ መለከቱ አቃሰተ። ከዚያ መርፌዋ ዘላ ወጣች።

ወንድሜ ሳቀ። "ጠጥቶ ነው እንዴ የዘፈነው?"

ሚስቱም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኛ አለመሳቃችንን አይተው ተዉት።

"ምን ሆነ?" አለ ወንድሜ።

ወጣቱ ወደ እኔ ተመለከተ። እንዳይናገር ራሴን ነቀነቅሁ። ገባው።

"አርጅቷል፣ ጋሼ" አለ። "ሸክላ ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል።"

"ባለፈው ዓመት ሳመጣው እኮ ቀጥ ያለ ነበር። በአንድ ዓመት ነው ያረጀው?"

ወንድሜ አንዱን ሸክላ ከመደቡ አነሣ። የጎበጠ ሞፈር የሚያቃና ሰው እንደሚያደርገው ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ጫን አለው። ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ስባሪዎቹን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና ብሎ ቆጡን አየ። ወደ ምድጃው ዝቅ አለ። እንደገና ቆጡን አየ።

"እሳቱ ነው" አለ።

ሚስቱ ወዲያው ጎንበስ ብላ የሚነደውን እንጨት ከምድጃው ሳበችና አመዱ ላይ አሸችው። ለምን እንዳደረገችው አላውቅም። ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ ሁላችንም ሳልን።

ወጣቱ ሥራውን አልተወም። ሳጥኑን እስከ ታች ድረስ ፈተሸ። መካከል ላይ የነበሩ ጥቂቶች ብዙም እንዳልተጎዱ ነገረኝ። ሌሎቹን በመስተዋት መካከል ጭነው የሚያቃኑ ሰዎች እንዳሉ፣ እነዚህ ግን ከዚያ እንዳለፉ፣ ድምፃቸው እንደማይመለስ በዝግታ አስረዳኝ። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት።

"ደኅና የሆኑትን ውሰዳቸው" አልኩት።

ከኪሱ ገንዘብ አወጣ። ለነዚያ ለጥቂቶቹ ከሚገባው በላይ እንደሰጠኝ አውቃለሁ። ሳልቆጥር በመሐረቤ ጫፍ ቋጠርኩት። የአንድ ወር ቀለብ ይሆናል።

"ሁሉም ደኅና ቢሆኑ ስንት ነበር?" ብሎ ወንድሜ ወጣቱን ጠየቀው።

"ተወው" አልኩ።

"አንቺን አልጠየቅሁም፣ እታለም። አንተ ልጅ፣ ስንት ነበር?"

ወጣቱ ነገረው። ወንድሜ እንዲደግምለት አልጠየቀም። ስባሪዎቹን መደቡ ላይ አንዱን ባንዱ ጎን አገጣጥሞ አስቀመጣቸው።

"ታዲያ ቤቱስ?" አለኝ።

"እንግዲህ ይሸጣል።"

"አንቺስ?"

የመሐረቤን ቋጠሮ አጠበቅሁ።

"ከእኛ ጋር ትሆናለች" አለች ሚስቱ። ከልቧ ነው ያለችው። በዚያች አንድ ክፍል የሚያድሩትን ልጆችና ጥጆች ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከምድጃው ጎን ተኝቼ ያን ቆጥ ስመለከት ለማደር እንደማልችልም እኔ ራሴ አውቃለሁ።

"ቀዩን በሬ ቅዳሜ ገበያ አወጣዋለሁ" አለ ወንድሜ።

"አታደርገውም" አልኩት። "ዝናቡ ደርሷል። በምን ልታርስ ነው?"

"ጎረቤት ያርስልኛል።"

"የአንድ በሬ ዋጋ ከዚህ ላይ ምንም አይሞላም። ሰምተኸዋል እኮ።"

"ጥማዱን አወጣዋለሁ።"

"ጥማዱን?" አለች ሚስቱ።

"ዘሩንም እሸጣለሁ! አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ እታለም፤ ዕድሜ ልክሽን እኔን እንዳዘዝሽኝ ነው፣ ዛሬ እንኳ ስሚኝ። ልጁ ከነመኪናው እያለ ነጋዴ ይፈልግልኛል፣ ቅዳሜን ምን አስጠበቀኝ። አሁን አመጣቸዋለሁ።"

ጅራፉን ከግድግዳው አውርዶ ወጣ። በሬዎቹ ከወንዙ ማዶ ያለው ግጦሽ ላይ ነበሩ። ቁልቁል ሲሮጥ ይሰማኝ ነበር። እሱም ሽማግሌ ነው፤ በሩጫ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው አይደለም።

ሚስቱ አየችኝ። አልለመነችኝም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አንዱን የዘር ስልቻ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ መሰላሉ ሄደች። ዘር መሬት ላይ አያድርም። ሄጄ መሰላሉን ያዝኩላት። ሁለተኛውንም አወጣችው። ከላይ ሆና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ጭሱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም።

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ማጫወቻውን ይቋጥር ነበር። ሳጥኑ ክፍቱን መሬት ላይ ነው። ክዳኑን ገጠምኩት።

ከዚያ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ጥላዬን ከግድግዳው ሥር አነሣሁ፣ ወንድሜ በሬዎቹን ይዞ ሳይመለስ በጓሮ በኩል ወጣሁ።